በእንጨት ምድጃ እንጀራ ስንጋግር፦ ከአተካከሉ እስከ አመዱ

መብራት ጠፋ ብሎ የሚጠብቅ ሆድ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ብዙ ቤት ጓሮው ውስጥ የእንጨት ምድጃም የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ገጠር ደግሞ ምርጫውም ጠባብ ነው። እንጀራው የሚጋገረው፣ ወጡ የሚሠራው፣ ውሃው የሚፈላው በእንጨት ነው።

የሚያሳዝነው ጭሱን እንደ ግዴታ መቀበላችን ነው። የጋገረች ሴት ዓይኗ ቀልቶ፣ እያሳላት ከማዕድ ቤት ብትወጣ ማንም አይደነግጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በግምቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ ሞቷል ይላል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

ከሁሉ በፊት ይህችን አንድ ነገር ያዙልኝ። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው። እንጨት ሲሞቅ ከውስጡ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በቂ ሙቀትና በቂ አየር ካገኘ ነበልባል ይሆናል። ካላገኘ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ያወጣችሁበት ወይም በጀርባችሁ የተሸከማችሁት ማገዶ ምጣዱን ማሞቁ ቀርቶ ሳንባችሁ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጭስ የሚቀንስ ነገር ሁሉ ማገዶም ይቆጥባል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የምናገረው "ምርጥ" ስለሚባለው ምድጃ ነው፤ ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሚሠራው። ስድስት ቁራጭ አለው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ። ሁለቱ ከኋላ ሆነው የድስት ማስቀመጫና የጭስ መውጫ ይሆናሉ። በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ምድጃችሁ በጭቃ የተሠራ ከሆነም አይክፋችሁ፤ አብዛኛው ምክር ለእሱም ይሆናል።

ቦታው

መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ አቡጀዲ ወይም ላስቲክ ከሆነ ከምድጃው በላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ አንሡት። አንዲት ፍንጣሪ ብትነካው እሳቱ በደቂቃ ውስጥ ቤቱን ያዳርሳል። ጥቀርሻ የለበሰ የሸረሪት ድርም እንደዚያው ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ ስታዩት ምንም አይመስልም፤ እሳት ሲያገኝ ግን እንደ ክር ይዞት ይሮጣል። በየጊዜው በረጅም መጥረጊያ አውርዱት።

ቀጥሎ አየሩን አስቡ። ጥሩ ማዕድ ቤት ትይዩ የሆኑ ሁለት ክፍተቶች አሉት። አንዱ ዝቅ ብሎ ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ሌላው ከፍ ብሎ ጭሱንና ሙቀቱን ያስወጣል። በርና በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የተተወ ክፍተትም ይበቃል። ክፍተቱን ብርድ ገባ ብሎ በጨርቅ መጠቅጠቅ ግን ጭሱን ከራስ ጋር መቆለፍ ነው።

ምድጃውን በሩ ፊት ለፊት አትትከሉት። ነፋስ በቀጥታ ከገባበት ነበልባሉ በአፉ በኩል ወደ ጋጋሪዋ ይወጣል። ከእንጨት ግድግዳ፣ ከመደርደሪያ፣ ከመጋረጃና ከተቆለለ ማገዶ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። የቡታጋዝ ሲሊንደርና የነጭ ጋዝ ጀሪካን ካለ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ይህ የሚያከራክር ነገር አይደለም።

አተካከሉ

መሠረቱን በድንጋይና በጭቃ ከፍ አድርጉት። ሁለት ጥቅም አለው። ጋጋሪዋ ወገቧን አታጎብጥም፤ ዳዴ የሚል ሕፃንም ፍሙ ዘንድ በቀላሉ አይደርስም። ቁመቱን የሚወስነው የሚጋግረው ሰው ነው። ቁጭ ብላ የምትጋግር እናት እና ቆማ የምትጋግር ልጅ አንድ ዓይነት ከፍታ አይስማማቸውም። ስለዚህ መሠረቱ ከመደርደሩ በፊት የምትጋግረው ሰው መጥታ እጇን ዘርግታ ትለካው።

ቁርጥራጮቹን ስትገጥሙ መጋጠሚያውን በጭቃ ምረጉት። ጭድና የተነፋ አመድ የገባበት ጭቃ ሲደርቅ ብዙም አይሰነጠቅም። ምጣዱ የሚያርፍበት ጠርዝ ዙሪያም እንዲሁ ይመረግ። በምጣዱና በምድጃው መካከል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ካለ ጭሱም ሙቀቱም በዚያ ነው የሚያመልጠው። ሰው ብዙ ጊዜ "ምድጃው ያጨሳል" ብሎ የሚያማርረው በዚህች ክፍተት ምክንያት ነው።

ከዚያ የምጣዱን ልክነት ፈትኑ። ምጣዱ ቀዝቃዛ ሳለ መሐሉ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ አንድ ጎን ከሮጠ ሊጡም ወደዚያው ይሮጣል። እንጀራው በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል ስስ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ጭቃ ጨምራችሁ አስተካክሉ። ውሃውን ጠርጋችሁ ምጣዱን በደንብ ሳታደርቁ እሳት አታንድዱ።

አዲስ ምድጃ በአንዴ ኃይለኛ እሳት አይወድም። በውስጡ የቀረው እርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ሲቀየር ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በጭራሮ ብቻ ትንሽ እሳት እያነደዳችሁ አሙቁት፤ ራሱ ይቀዝቅዝ። አዲስ ምጣድ የምናሟሸውም በዚሁ ትዕግሥት ነው። በቀስታ እየሞቀ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር በጨርቅ እየተቀባ፣ እየታሸ፣ ጥቁርና ልስልስ እስኪል ድረስ። ምድጃውንም ምጣዱንም በአንድ ቀን አሟሽቶ በዚያው ቀን ለድግስ መጋገር ትርፉ መሰንጠቅ ነው።

የጭስ ማውጫው

ቧንቧ ያለው ምድጃ ከሌለው ጋር አይወዳደርም። አቅም ካለ የመጀመሪያው ወጪ ለእሱ ይሁን። ከላሜራ ቆርቆሮ የተሠራ ቧንቧ ሠፈር ውስጥ ያለ ብረት ሠራተኛ ይሠራላችኋል። ሁለት ሦስት ነገር ግን እናንተው ቆማችሁ አሠሩ።

ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይውጣ። እያንዳንዱ ክርን ጭሱን ያዘገየዋል፤ ጥቀርሻ የሚከማችበትም ቦታ ይሆናል። ጫፉ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ የጣሪያ ጫፍ ወይም ግድግዳም በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ካጠረ ነፋስ ጣሪያውን ተሻግሮ ሲወርድ ጭሱን ወደ ቤት መልሶ ይገፋዋል። ከላይ የዝናብ ቆብ ያስፈልገዋል። ቆቡ ከአፉ በጣም ተጠግቶ ከተበየደ ግን ጭሱን ያፍነዋል።

በጣም የምፈራው ቧንቧው ጣሪያውን የሚያልፍበትን ቦታ ነው። ቆርቆሮው አይነድም፤ ሥር ያለው ሞራሌ ግን ይነዳል። እንጨት በየቀኑ እየሞቀ ሲከርም ይከስላል፤ ቀስ በቀስም በትንሽ ሙቀት የሚቀጣጠል ይሆናል። ባዶ ቧንቧ ከማንኛውም እንጨት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ያን ያህል ቦታ ከሌለ ሞራሌውን ቆርጦ ማዞር ይሻላል። ጣሪያው ሣር ከሆነ ቧንቧውን በጣሪያው አታሳልፉት። በጭቃ ግድግዳው በኩል አውጡትና ከክዳኑ ጠርዝ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙት። በግድግዳው ውስጥ ያለው ማገር ቧንቧውን እንዳይነካ ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ሙሉት።

እንጨቱ

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ገንዘብም አይጠይቅም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ያንን ውሃ አፍልቶ ሳይጨርስ እንጨቱ ምጣድ አያሞቅም። እርጥብ እንጨት በሸክም ስትገዙ የውሃውንም ሒሳብ ከፍላችኋል። ሻጯ ከእንጦጦ ያንን ሁሉ ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ መውረዷም ያሳዝናል።

ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ የገባ ዛፍ ነው። ዛሬም አብዛኛው ማገዶ እሱው ነው። በደንብ ከደረቀ ጥሩ ይነዳል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ የተቆረጠና የተፈለጠ እንጨት በጋውን ሙሉ ደርቆ ለሰኔ ዝናብ ይደርሳል። ሳይፈለጥ ግንዱ እንዳለ ቢቀመጥ ግን ልጡ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ፍለጡት። ውፍረቱ ከእጅ አንጓ ባይበልጥ ይመረጣል።

አደራደሩም ወሳኝ ነው። ከታች ድንጋይ ወይም ሁለት አግዳሚ አድርጉ፤ መሬት ከነካ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፣ ምስጥም ይገባበታል። ከላይ ቆርቆሮ ይኑረው፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን። በላስቲክ ዙሪያውን የጠቀለለ ሰው እንጨቱን እያላበው ነው። በሞቀ ምድጃ ላይ ደርድሮ ማድረቅ ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው፤ በፍጹም አታድርጉት።

መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ሁለት ፍልጥ አንሡና እርስ በርስ ምቱ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ጫፉን እዩት። ከመሐል ወደ ዳር የሄዱ ስንጥቆች ካሉትና ልጡ በጣት ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ ደርሷል። እሳት ውስጥ ሲገባ በጫፉ አረፋ እያወጣ "ጭስስስ" የሚል ከሆነ ገና ነው፤ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ምድጃ ውስጥ የማይገባም አለ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ከግንባታ የተረፈ ዘይት የጠጣ ጣውላ። የእነዚህ ጭስ መርዝ አለው፤ እንጀራውም እዚያው ላይ ነው ያለው። ፌስታል፣ አሮጌ ጫማና የጎማ ቁራጭ ለማቀጣጠያ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ተዉት። ቅንጭብም ከማገዶው ጋር እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል።

እሳቱን ማንደድ

ከመለኮሳችሁ በፊት የትናንቱን አመድ አውጡ። በርና መስኮት ክፈቱ። ባልዲ ውሃና ባልዲ አሸዋ ወይም አፈር አጠገባችሁ ይሁን። ሊጡ፣ ማሰሻው፣ አክንባሎው፣ ሰፌዱ ሁሉም ቀርቦ ይጠብቅ፤ እሳት ትቶ ዕቃ ፍለጋ መሮጥ ነው አደጋ የሚያመጣው።

ማቀጣጠያው ደረቅ ጭራሮ፣ የባህር ዛፍ ልጥ፣ ቆሮቆንዳ ወይም ጭድ ነው። ቅጠሉም ዘይት ስላለው ቶሎ ይይዛል፤ ግን ቦግ ብሎ ፊት ስለሚለበልብ ጥቂት ብቻ አድርጉ። ጭራሮውን ከአፉ ገባ አድርጋችሁ ሳታጠብቁ ደርድሩ፣ በመሐሉ አየር ይለፍ። በላዩ ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ አጋድሙ። ክብሪቱን ከሥር ለኩሱ።

ነጭ ጋዝ አታርከፍክፉ። ቤንዚን ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ስሙም አይነሣ። በተለይ "ጠፍቷል" በተባለ ፍም ላይ ጋዝ ማፍሰስ በጣም አደገኛ ነው። ፍሙ ጋዙን ያተነዋል፤ የተነነው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠልና ነበልባሉ ጀሪካኑን ወደያዘው እጅ ይመለሳል።

በክረምት ማለዳ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ቀዝቃዛና ከባድ ነው። ጭሱ ወደ ላይ መሄድ እምቢ ብሎ በአፉ ይመለሳል። ያኔ አንድ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከኋላ፣ ቧንቧው ሥር ለኩሱ። ቧንቧው ሞቅ ሲል መሳብ ይጀምራል፤ ከዚያ ዋናውን እሳት አንድዱ።

እየጋገራችሁ

የምድጃው አፍ እንጨት ማስገቢያ ብቻ አይደለም፣ መተንፈሻውም ነው። ከግማሽ በላይ በእንጨት አትሙሉት። አፉ ሲጠቀጠቅ አየር ያጥረዋል፤ ጭሱ ይወፍራል፤ ነበልባሉም አየር ፍለጋ ወደ ውጭ ምላሱን ያወጣል። ቀሚስ የሚይዘው ያኔ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ፍልጥ በቂ ነው፤ ጫፋቸው ሲነድ ትንሽ ትንሽ እየገፋችሁ አስገቡ። ረጅም እንጨት ከአፉ አንድ ሜትር ተርፎ እንዳይወጣ በልኩ ቁረጡት። ሰው ይጠልፋል፣ ሚዛኑን ስቶ ሲወድቅም ፍም ይዞ ነው የሚወጣው።

አንድ እንጀራ እንደ ውፍረቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ የምትፈልጉት የማይዋዥቅ እሳት ነው። አንዴ ቦግ አንዴ ጥፍት የሚል እሳት አንዱን እንጀራ ያሳርራል፣ ቀጣዩን ያጣብቃል። በየመሐሉ ወጣ ብላችሁ የቧንቧውን ጫፍ እዩ። ነጭና ወፍራም ጭስ ከወጣ እንጨቱ እርጥብ ነው ወይም እሳቱ ገና አልጋለም። ጥቁር ከሆነ ማገዶ በዝቶበታል። ጭሱ ለዓይን የማይታይ ሆኖ አየሩ ብቻ ሲርገበገብ ካያችሁ፣ እንጨቱ በሚገባ እየነደደ ነው።

እንጀራው ራሱም ይናገራል። ዓይኑ በአንድ በኩል ብቻ ሳይወጣ፣ ነጣ ብሎ ከቀረ፣ በዚያ በኩል ሥር አመድ ተከምሯል ወይም ነበልባሉ አይደርስም። በቆርቆሮ መጫሪያ ፍሙን ወደዚያ ሳብ አድርጉት።

አክንባሎውን ስትከፍቱ መጀመሪያ ከእናንተ ራቅ ያለውን ጠርዝ አንሡ። እንፋሎቱ ወደዚያ ይውጣ፤ ወደ ፊታችሁ ከሳባችሁት ግን ይጠብሳችኋል። የማሰሻው ጨርቅ ዘይት የጠጣ ነው። ከእሳቱ አፍ አጠገብ አታስቀምጡት። በጋለ ምጣድ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ምጣዱ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ያቃጥላል።

ከኋላ በኩል ያለውን የድስት ማስቀመጫ አትርሱት። ወደ ቧንቧው የሚሄደው ሙቀት ሽሮ ያንተከትካል፣ ውሃም ያሞቃል። ያንን ክፍት ትቶ ሌላ ምድጃ ማንደድ ብክነት ነው። ድስት ካላስቀመጣችሁ ግን ክደኑት፤ ካልተከደነ ጭሱ በዚያ ይወጣል።

ሰውየውን መጠበቅ

ነጠላ ትከሻ ላይ ተጣጥፎ አይቀመጥ፤ ወይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሠር ወይ ይውለቅ። የናይለን ሻርፕና ቀሚስ ከሁሉ የከፋ ነው። ናይለን ሲነድ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ልብስ ይመረጣል። ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል፣ ፀጉር ይሸፈን።

ልጅ አዝላችሁ አትጋግሩ። ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን እናቱ የምትተነፍሰውን ጭስ ነው የሚተነፍሰው፤ ሳንባው ደግሞ ገና ለጋ ነው። ጎንበስ ስትሉም ወደ እሳቱ ይጠጋል። ለዚያች ሰዓት የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጉ። ለሚሄዱ ልጆች ከምድጃው 1 ሜትር ርቀት ላይ መሬቱ ላይ በአመድ ወይም በኖራ መስመር አስምሩ። ልጅ "እዚያ አትሂድ" ከሚባል "ይህችን መስመር አትለፍ" ቢባል ይሻለዋል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን እሳት ዳር አይቀመጥ። አገራችን ውስጥ በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ሰው ጥቂት አይደለም። የሚያንገበግበው ደግሞ ሰው ወድቆ እያለ "ይተላለፍብኛል" ብሎ ለመንካት የሚፈራ መኖሩ ነው። የሚጥል በሽታ በመንካትም በምራቅም አይተላለፍም። እሳት ዳር የወደቀ ሰው ስታዩ ሳታመነቱ ጎትታችሁ አውጡት።

ከጋገራችሁ በኋላ

መጋገር ስታበቁ ያልነደደውን እንጨት አውጡና ጫፉን አፈር ውስጥ ቀብራችሁ አጥፉት። ውሃ ምድጃው ውስጥ አታፍስሱ፤ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል።

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ማስጠንቀቂያ ልናገር። የተረፈውን ፍም በማንደጃ ይዛችሁ ወደ መኝታ ቤት አትግቡ። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ይህን ማድረግ ያጓጓል። ፍም ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅሰውም። ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ይፈጃል። ማታ ለቡና የተቀጣጠለ ከሰልም ያው ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ከቤት ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ጉንፋን ነው አትበሉ። ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣ?" ካላችሁ፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በሉት። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ሻንጣ አትከብድም።

አመዱ ደግሞ አታላይ ነው። ከላይ ቀዝቅዞ ከሥሩ ረመጥ ይዞ ለቀናት ይቆያል። ማዳበሪያ ከረጢት ወይም የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አትጨምሩት። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ፣ ድንጋይ ላይ አኑሩት። በደንብ ሲቀዘቅዝ ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል። ኮምጣጣ አፈር ላላቸው ጓሮዎችም ስስ አድርጎ መበተን ይጠቅማል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ ግን አትበትኑት፤ አመዱ ማዳበሪያውን ወደ አየር ያተነዋል።

እድሳት

በወር አንድ ቀን፣ ምድጃው ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ ምጣዱን አንሡት። ሥሩ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት በእንጨት ፋቁ፤ ጥላሸት ሙቀት አያሳልፍም፣ ማገዶ ይበላል። የምድጃውን ውስጥ በእጅ ዳስሱ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አታስጨንቅም፤ በጭቃና በአመድ ድፈኑት። ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ወይም የሚነቃነቅ ቁራጭ ከሆነ ግን ያንን ቁራጭ ብቻ ቀይሩት። ስድስት ሆኖ መሠራቱ ጥቅሙ ይኸው ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ምርጊት በየጊዜው ስለሚረግፍ ምጣዱን መልሳችሁ ስታስቀምጡ እንደ አዲስ ምረጉ።

ቧንቧውንም አትዝለሉት። በዱላ ጫፍ ማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ወይም የሽቦ ብሩሽ አሥራችሁ ከላይ ወደ ታች ግፉት፣ የሚወርደውን ከሥር ተቀበሉ። አፍንጫና አፍ በጨርቅ ይሸፈን። ጥቀርሻው ደረቅና ብናኝ ከሆነ ደህና ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ሬንጅ የመሰለ ከሆነ እርጥብ እንጨት ስታነዱ ከርማችኋል ማለት ነው። ያ ነገር ቧንቧው ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ ቀን ቧንቧው እንደ ነፋስ ማጓራት ከጀመረና ከቀላ፣ የምድጃውን አፍና የድስት ማስቀመጫውን በቆርቆሮና በእርጥብ ጭቃ ድፈኑ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ እርዳታ ጥሩ። ቧንቧው ካልተመረመረ ዳግም አታንድዱ። የዛገና የተበሳ ቧንቧ ከሆነ መጠገኑ አያዋጣም፤ ይቀየር።

ቃጠሎ ቢደርስ

ልብስ ከተያያዘ አትሩጡ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። መሬት ላይ ተኙ፣ ፊታችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ተንከባለሉ። ሌላ ሰው ካለ በጋቢ ወይም በወፍራም የጥጥ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያፍነው።

የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጉ። 20 ደቂቃ ሙሉ። ረጅም ይመስላል፤ ግን ቃጠሎው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያግደው እሱ ነው። በረዶ አይሁን። ቧንቧ ከሌለ በጣሳ እያፈሰሳችሁ ቀጥሉ። ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ አተላ፣ ቡና፣ ምንም ነገር አትቀቡ። ሙቀቱን ውስጥ ይይዘዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዘዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያንን ሲያጥብ ሕመሙ ድርብ ይሆናል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያና ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ትንሽም ቢሆን ተጎጂው ሕፃን ከሆነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል በትልቁ ጻፉት፤ ማንበብ የሚችል ልጅም ቁጥሮቹን በቃሉ ይያዝ።